እጄን ያነሳሁበት ቀን

ያ ክፍል ገና ከመጀመሪያው ነው ያስፈራኝ። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ፣ በሩ ሲዘጋ የውጭውን ድምፅ ሁሉ የሚውጥ ጠባብ ክፍል ነው። ዕድሜዬን በስፌት መኪና ጩኸት መሃል የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዝምታ ሲበዛ አንድ ክፉ ነገር የደረሰ ይመስለኛል።

«ታፍኜ ብሞት ማን ይሰማኛል?» አልኩት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠውን ሰውዬ።

ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው መጣ። «እኔ እሰማለሁ እመቤቴ። ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪ አጣብቤ አውቃለሁ እንጂ አፍኜ አላውቅም።»

እሱም እንደኔ ጡረተኛ ነው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን በድምፅ የምንቀዳ በጎ ፈቃደኞች ነን። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ፣ የት ላይ መተንፈስ እንዳለብኝ በዚህ ዕድሜዬ ሰልጥኜ ተማርኩ። ሾፌሩ ደግሞ መቅዳት ተማረ። ማውሱን እንደ መሪ ጨብጦ ከነትከሻው ሲታጠፍ ሳየው ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።

ደንባችን ቀላል ነው። አንባቢ ሲሳሳት እጁን ያነሳል። ቀጂው ያቆማል፣ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ እንደገና ይነበባል። ስህተቱ እንዳልነበረ ይሆናል።

ባሌ ወደ ሆስፒታል የሄደው በእግሩ ነበር። እኔ ይዤ የተመለስኩት ጫማውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ለልጄ እየደወልኩ ምድጃውን አጥፍታ እንደሆነ፣ የልጅ ልጄ መንገድ ሲሻገር እጁን የያዘው ሰው እንዳለ ስጠይቅ እውላለሁ። በዚህ ላይ ሌላ የምሰጋለት ሰው መጨመር አልፈለግኩም ነበር።

ሰውዬው ግን ቀስ ብሎ ገባ። ሳነብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ስጨርስ ይገልጠዋል። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እንተያያለን። ሲያረፍድ መኪና ገጨው እያልኩ ደጅ ደጁን አያለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ አፈር መሸርሸር እያነበብኩ ሳለ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ ላቋርጥዎት። ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። አብረን ብንኖር ምን ይመስልዎታል?»

እጄ ተነሳ።

እኔ አላነሳሁትም፤ ድንጋጤ ነው ያነሳው። ዓይኔ ላይ የመጣው የባሌ ጫማ ነበር። እሱ ግን እንደ ደንባችን አቆመ።

«ገባኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ ትምህርቱ እንመለስ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ።

«ሾፌሩስ?» አልኳት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ።

«አልነገሩዎትም እንዴ? ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና አላቸው። ሆስፒታል ገብተዋል።»

ሲጠይቀኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ልጄ ቤት ሄጄ ስነግራት ቀና ብዬ አላየኋትም። በዚህ ዕድሜሽ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እና እንቢ አልሽው እማዬ?»

«እጄን አነሳሁ።»

«እጅ ወደ ላይ ብሎሽ ነው?» ሳቋ አመለጣት፤ ፊቴን ስታይ ግን ዋጠችው።

«ሄጄ ቢሞትብኝስ?»

«ሳትሄጂ ቢሞትስ?» አለችኝ። «በጠዋት ተነሺ፣ እኔ አደርስሻለሁ።»

ስንደርስ ነርሷ አልጋውን እየገፋች ከክፍሉ ልታወጣው ነበር። በስስ ጋውን ተጠቅልሎ ሳየው ያነሰ መሰለኝ። አልጋው ሲነሳ ጥቁር ጫማው ወለሉ ላይ ብቻውን ቀረ። ሾፌሩ አየኝና ሊነሳ ሞከረ።

እጄን አነሳሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መልሰኝ።»

አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እናቴ፣ ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው» አለች ነርሷ።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ልጄ» አላትና ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ ላቋርጥሽ። ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ...»

«እሺ።»

«ልጨርስ እንጂ!»

«እሺ ብዬሃለሁ! ጫማህን ግን እኔ ነኝ የምይዘው። ባዶ እግርህን የትም እንዳትሄድብኝ። ራስህ መጥተህ ተቀበለኝ።»

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተዘጋ። ጫማውን ታቅፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ክንዴን ያዘች። ያ የመቅጃው ክፍል ዝምታ እዚያም ተከትሎኝ መጣ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጫማውን ይበልጥ ወደ ደረቴ አስጠጋዋለሁ። ነጭ ለባሽ ሁሉ ወደኔ የሚመጣ ይመስለኛል።

ከሆስፒታሉ የወጣው ጫማውን አድርጎ ነው። ክሩን ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

አሁን የምንኖረው አንድ ቤት ነው። የአፈሩንም መጽሐፍ ቀድተን ጨርሰናል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሲያሸልበው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። የዘገየ ሲመስለኝ ትከሻውን እነቀንቀዋለሁ።

«ምነው?» ይላል ደንግጦ።

«ምንም» እለዋለሁ። «ካቆምክበት ቀጥል።»