ያጠሩት የብስክሌት ጥርሶች

አመተ ማርያም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ደብረ ብርሃን ነው፤ አባቷ አቶ ብርሃነ መስቀል ብስክሌት ይጠግናሉ። ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር አንዲት ባለ ማርሽ ብስክሌት ነበረችው፤ ልጆቹ በየተራ ይነዷታል። ቅዳሜ በሚደረገው የብስክሌት ውድድር ግን የምትነዳት አንድ ልጅ ብቻ ናት። ዕጣው ለጓደኛዋ ለኩብራ ወጣ።

አመተ ማርያም ቅናት ያዛት። ሐሙስ ዕለት ብስክሌቷን ስታገላብጥ፣ ካቴናው የሚዞርበት ክብ ብረት ላይ አንዳንዱ ጥርስ አጥሮ አየች።

«ኑ እዩ!» ብላ በልጆቹ መካከል ጮኸች። «ኩብራ ጥርሱን ጨርሳዋለች!»

«ወላሂ ምንም አላደረግሁትም!» አለች ኩብራ።

«ታዲያ አይጥ በላው?»

ልጆቹ ሳቁ። የማኅበሩ ኃላፊ ጋሼ ወልደተንሣኤም የኩብራን ስም ሰርዞ የአመተ ማርያምን ጻፈ። ኩብራ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት አመተ ማርያም ብስክሌቷን እየገፋች አባቷ ዘንድ ደረሰች።

«አባባ፣ ይህ ያለቀ ጥርስ ለነገ ይችላል?»

አባቷ ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ። «ማን አለቀ አለሽ?» ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ ክብ ብረት አወጡ። «ያለቀ ይህን ይመስላል። ጥርሱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ጎብጧል፤ ጫፉም እንደ ጭልፊት ጥፍር ሾሏል። ያንቺዎቹን ደግሞ እይ፤ አጭሮቹም ቀጥ ብለው ቆመዋል። እስቲ ቁጠሪ።»

ቆጠረች። በየአራቱ ረጃጅም አንድ አጭር። ደግማ ቆጠረች። ያው ነው።

«ማርሽ ሲቀየር ካቴናው ከአንዱ ክብ ብረት ጎኑ ወዳለው ሌላ ክብ በቀላሉ እንዲሻገር፣ ሲሠራ ጀምሮ ያጠረ ነው» አሉ አባቷ። «ይህቺ ብስክሌት ገና ሙሽራ ናት!»

አመተ ማርያም ግን አልሳቀችም። ልጆች፣ ጥፋታችንን ከእኛ በቀር የሚያውቅ ሳይኖር ዝም ማለት እንዴት ይቀላል! ስሟ ተጽፏል። ውድድሩም ነገ ነው። «ከውድድሩ በኋላ እነግራታለሁ» አለች በልቧ። ሌሊቱን ግን ኩብራ ዓይኗን በሻሿ ስትጠርግ እየታየቻት አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ኩብራም ለማየት መጥታ ነበር። አመተ ማርያም ብስክሌቷን እየገፋች በቀጥታ ወደ እሷ ሄደች።

«ስሙኝ!» አለች በሁሉም ፊት። «ጥርሱ አላለቀም፤ ሲሠራም እንዲህ ነው። ቀንቼ ነው ኩብራን የከሰስኳት። ጋሼ፣ ስሜን ሰርዝና የእሷን ጻፍ። ኩብራዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ጋሼ ወልደተንሣኤም ስሙን ቀየረ። ኩብራም ብስክሌቷን ተቀብላ ዘላ ወጣችባት። «አውፍ ብዬሻለሁ። ነይ፣ ሮጠሽ አበረታቺኝ!»

ውድድሩ ተጀመረ፤ አመተ ማርያምም እስከ መጨረሻው ከጎኗ ሮጠች። «ዳገቱ መጣ! ማርሽ ቀይሪ!» ካቴናው ጠቅ ብሎ ተሻገረ። ኩብራ ሦስተኛ ወጣች። ላብ ያጠመቃት ግን አመተ ማርያምን ነበር፤ ተመልካቹም «ተወዳዳሪዋ የቷ ናት?» እያለ በሳቅ ፈነዳ። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ሣሩ ላይ ወደቁ።

ልጆች፣ ሰውን ከመክሰሳችን በፊት ነገሩን አጣርተን እንይ፤ ከተሳሳትንም ስንከስ በሰማን ሰው ሁሉ ፊት እውነቱን ተናግረን ይቅርታ እንጠይቅ።