ከክቡ ውጭ የተተከለው ድንጋይ

ቶማ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ከሰው እኩል ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። ለእሱ ደጅ ላይ፣ በቅጠል ነው የሚሰጠው። ጥፋቱ ደግሞ ከሸክላ ሠሪ መወለዱ ነው። ሰው የቶማ እናት በሠራችው ድስት ወጥ ሠርቶ እየበላ እሷን ከበር አያሳልፋትም። ደርግ ወድቆ «ሁሉም እኩል ነው» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍም ቶማ የሰማው ከደጅ ሆኖ ነው።

ብሩክታይትን ያወቃት የጥንቶቹ ድንጋዮች መልሰው ሲተከሉ ነው። ከገሱባ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ ማን እንዳቆማቸው የማይታወቅ ድንጋዮች በክብ ቆመው ነበር። በኋላ ሰው እየነቀለ የቤት መሠረት አደረጋቸው። የብሔር ብሔረሰቦች በዓል ሲቃረብ ግን ከየቤቱ ተለቅመው ተመለሱ። የቀድሞ ቦታቸውን አውቃለሁ ብለው የሚያሳዩት የብሩክታይት አባት አቶ ባዳቾ ሲሆኑ፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ቶማ ነው። አስተማሪዋ ብሩክታይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እሱ መሃል ላይ የያዘውን ገመድ ጫፍ ይዛ ክቡን ታሰምራለች።

«ወጥረው እንጂ፣ ተኛህ እንዴ?»

«አስተማሪ ሲያየኝ ድሮም እጄ ይዝላል።»

ሳቀች። ክቡን ስትዞር ዓይኗ ከእሱ አልተነቀለም፤ እሱም አብሯት ዞረ።

ቶማ ደፍሮ ሽማግሌ ላከ። አቶ ባዳቾ በጉባኤ ፊት ሳቁበት። ከክቡ ውጭ ለብቻው ያስተከሉትን አጭር ድንጋይ በከዘራቸው እያሳዩ፣

«ያውላችሁ የሸክላ ሠሪ ቦታ! አባቶቻችን ውጭ ነው ያስቀመጧቸው። ድንጋዩ ውስጥ ነበር የሚል አዋቂ ከመጣ ቶማ ልጄን ይውሰዳት!» አሉ።

በጉባኤ የወጣ ቃል አይታጠፍም። አዋቂውም ሊመጣ ነበር፤ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ የሚባሉ የቅርስ ባለሙያ አተካከሉን ሊመረምሩ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተብሏል።

«ክቡ ላይ አንድ ክፍተት አለ አይደል?» አለችው ብሩክታይት። «ድንጋዩ የዚያ ይሆናል። ዶክተሩ ቆፍረው ይዩት። አንተ እንዳትነካው፣ እሺ?»

«እሺ» አላት። ግን ዕድሜውን ሁሉ የተፈረደበት ሰው ዳኛ አያምንም። በገበያ ቀን ሜዳው ጭር ሲል አካፋውን ይዞ ክፍተቱ ላይ ወረደበት። ጉድጓድ ከተገኘ ድንጋይ ነበረበት ይባላል ብሎ ነው። ከሥር ጠጠር ሲያጋጥመው እያፈሰ ወረወረው። ከዚያ አፈሩን መልሶ ረገጠው።

ዶክተሩ መጡ። መጀመሪያ አጭሩን ድንጋይ አስነቀሉ።

«ከዚህ ሥር ያልተነካ መሬት ነው። ድሮ እዚህ ድንጋይ አልቆመም።»

አቶ ባዳቾ ፊታቸው ጠቆረ። ቶማ አንድ እርምጃ ቀረበ። ዶክተሩ ወደ ክፍተቱ ሄዱ፤ አፈሩን በጣታቸው ፈተጉት።

«ይሄ ሰሞኑን የተቆፈረ ነው። የጥንት ሰዎች ድንጋዩ እንዳይወድቅ ዙሪያውን ጠጠር ይጠቀጥቁ ነበር። እዚህ የነበረውን ጠጠር ሰው በትኖታል። ድንጋይ ቆሞበት ይሆናል፤ አሁን ግን መፍረድ አልችልም።»

«ውስጥ ነበር አሉ?» ብለው ጮሁ አቶ ባዳቾ። «አላሉም!»

ሕዝቡ ተበተነ። ብሩክታይት አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«አንተ ነህ?»

ከእግሩ ሥር ጠጠር አንሥቶ አቀበላት።

«ወደ ሶዶ ከተማ ዝውውር ጠይቄ ነበር» አለች። «ድንጋዩ ውስጥም ሆነ ውጭ አብሬህ ልጠፋ። ልነግርህ የፍርዱን ማግስት ነበር የጠበቅኩት።»

«አሁንስ?»

«እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ፣ ቶማ።»

ዝውውሩ ሲፈቀድላት ብቻዋን ሄደች። ሰው እስከ ዛሬ አቶ ባዳቾን ይረግማል፤ እሳቸውም ይገባቸዋል። ቶማን የሚረግመው ቶማ ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሶዶ መነኸሪያ ተገናኙ። ልጅ አዝላለች፤ ባሏ ከጎኗ ቆሟል። ቶማ እጅ ነሣ።

«ደህና ነዎት?» አለችው፤ አንቱ ብላ።

ቶማን በሕይወቱ አንቱ ያለው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች።