የቀመስኩለት ሰው

ምላሴን ለሰው ያዋስኩ ሴት ነኝ፤ ሳቁብኝ፣ አልቀየማችሁም።

ስድስት ዓመት ምግብ ቤት ውስጥ ሰላጣ ስሠራ ኖሬያለሁ። እሱ ከጎኔ ምድጃው ላይ ነበር፤ ወጥ ቤቱ በሙሉ «ዝምተኛው» ነው የሚለው። ደበርጃኑን፣ ቀይ ቃሪያውንና ካሮቱን ጠብሶ ያቀብለኛል። እኔ ሳይበርድ ሎሚና ዘይት አርከፈክፍበታለሁ፤ ማጣፈጫ የሚጠጣው ትኩስ አትክልት ነዋ! ሽሪምፑን፣ ያን ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ አጣፍጦ መጨረሻ ላይ የሚጨምረው ደግሞ እሱ ነው።

አንድ ሰሞን ከባድ ጉንፋን ጥሎት ከረመ። ወደ ሥራ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ሦስት ሳህን ሰላጣ ተመለሰብን። ዋናዋ አብሳያችን እትዬ አንዱን ቀመሱና «ይሄ ሰላጣ ነው ወይስ የባሕር ውሃ?» ብለው ጮኹ።

ዝምተኛው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ጠብቆ አስቆመኝ።

«ምንም አይሸተኝም። ጨውና ስኳር አልለይም» አለኝ ወለሉን እያየ። «እትዬ ካወቁ ያባርሩኛል። እህቴን የማስተምረው በዚህ ሥራ ነው።»

አንጀቴን በላው። «እኔ እቀምስልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ዝም በል። እሱንስ ታውቅበታለህ።»

ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ወዲያ ሽሪምፑም አትክልቱም በእኔ አፍ ሳያልፍ አይወጣም። በማንኪያ ያቀርብልኛል። እስክናገር ድረስ ፊቴን ያያል፣ ምንም ሌላ ነገር አያይም። «ሎሚ ጨምርበት» እለዋለሁ፣ ይጨምራል። ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ምን ይደበቃል፣ ወደድኩት።

በአራተኛው ወር አክስቴ ሥራ አገኘችልኝ፦ ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሆቴል፣ የሰላጣ ክፍል ኃላፊ። ስድስት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነበር። ለእሱ ነገርኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምላሴ ገና አልተመለሰም» አለኝ።

ለአክስቴ አልሄድም አልኳት። «አብደሻል እንዴ?» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ምክንያቱን ለማን እነግራለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በምሳ ሰዓት ጥድፊያ፣ እኔው ተሳሳትኩ። አትክልቱ ላይ ጨው ማድረጌን ረስቼ ደገምኩበት። ሳልቀምሰው ሳህኑን እሱ ወሰደው። አንድ ቁራጭ ካሮት አፉ ውስጥ ጣል አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«ጨው በዝቷል።»

ክው አልኩ። እሱም ምን እንዳለ ያኔ ገባው።

«መቼ ነው የተሻለህ?»

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ስለ ሆቴሉ ስነግርህ ድነህ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።» ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ካልተቸገርኩ አጠገቤ የምትቆሚ አልመሰለኝም። እንዳትሄጂብኝ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ያንተ እንጀራ እንዳይዘጋ ብዬ ነው የራሴን ያሳለፍኩት!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ፣ የእሱም አለቀበት።

በማግስቱ አክስቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። ቦታው አልተያዘም ነበር።

የሄድኩ ጠዋት ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ መጣ። አውቶቡሱ እስኪሞላ በሩ አጠገብ ቆመን ጠበቅን።

«አትሂጂ ብልሽስ?» አለኝ።

«ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ኖሮ እቀር ነበር። በሽታህን ሳትጠራ፣ ‹እወድሻለሁ፣ ቅሪልኝ› ብትለኝ፣ እየሳቅኩ ነበር የምቀረው።»

«እወድሻለሁ። ቅሪልኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት። እንባው ጉንጩ ላይ ወርዷል። እጄ ሊጠርግለት ተነሳና መንገድ ላይ ቀረ።

«አሁን እኮ እንባህንም እጠረጥረዋለሁ» አልኩት።

ተሳፈርኩ። መቀመጫዬን ሳላገኝ እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ የእኔ እንባ እውነቱን ነበር።