ቀረፋ የሚሸተው ተራራ

ዮፍታሄ የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረ። ቤቱ ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ፣ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚኖረው ከእናቱ ከየሻረግና ከእህቱ ከሶሲ ጋር ነው። ሶሲ ሰባት ዓመቷ ነው። አስም አለባት።

የቬጋስን ሙቀት እናንተም ታውቁታላችሁ። የመኪና በር ብረት ጣት ይጠብሳል። በዚያ ሙቀት የሶሲ ደረት ታፈነና ሆስፒታል ገብታ ወጣች። ሐኪሙም «ደረቷ እስኪጠነክር ከቤት እንዳትወጣ» አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት እንኳን ቀረባት። እናቷ ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ትከርማለች፤ የዕረፍት ቀኗ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜን ደግሞ በእንቅልፍ ትጨርሰዋለች። ታዲያ ሶሲ ምን ታያለች? ፓርኪንጉን። ከዚያስ? ፓርኪንጉን።

አንድ ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ተራራ ሊሄዱ ሆነ። እዚያ ጥድ አለ፣ ነፋሱም ቀዝቃዛ ነው። ሶሲ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መምህራቸው ጋሽ ውብሸት ግን ዘዴ አያጣም። ለዮፍታሄ ባዶ የጫማ ካርቶን ሰጠው።

«ሶሲ ወደ ተራራው መሄድ ካልቻለች፣ ተራራው ወደ ሶሲ ይሂዳ» አለው። «በእጅ የሚዳሰስ አምጣላት። የሚሸት አምጣላት። የወፍ ድምፅ በስልክህ ቅዳላት። ከዚያ ዓይኗን ሸፍነህ፣ እዚያው ሳሎናችሁ ውስጥ ተራራ አውጣት። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

«እንግዲህ የእሷ ዓይን አንተ ነህ።»

ተራራው ላይ ደረሱ። ጋሽ ውብሸት ትንንሾቹን አስከትሎ ወደ ዛፎቹ ገባ። ዮፍታሄም ሊከተል ሲል፣ ጓደኛው ኤልሮኢ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ጠራው። እጁ ላይ ታብሌት አለ።

«ዮፊ፣ አዲሱን ጌም አይተኸዋል?»

«ካርቶኑን መሙላት አለብኝ።»

«ካም ኦን! አንድ ዙር ብቻ!»

አንድ ዙር ብቻ። ልጆች፣ ይቺን ቃል የማታውቋት አትምሰሉ። አንዱ ዙር ሌላውን ወለደ። የጥድ ፍሬ እግሩ ሥር ወድቋል፤ ጎንበስ ቢል ያነሳው ነበር። ጎንበስ አላለም። ወፎቹ ከአናቱ በላይ ይንጫጫሉ፤ እሱ የሚሰማው የጌሙን ጥይት ነው። ታብሌቱ ባትሪ ጨርሶ ቀና ሲሉ ጋሽ ውብሸት «ግቡ! ግቡ! መሄዳችን ነው!» እያለ ነበር።

«ካርቶኑ ሞላ?» አለው መኪናው ውስጥ።

ዮፍታሄ ክዳኑን በሁለት እጁ ተጭኖ፣ «ሞልቷል ጋሼ» አለ።

ቤት ሲደርስ አፓርትመንቱ በር ላይ ለጌጥ ከተነጠፈው ጠጠር አፈሰ። እናቱ ተኝታለች። ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ከገና በኋላ በርካሽ የተገዛ፣ ቀረፋ የተረጨበት የጥድ ፍሬ በከረጢት ውስጥ ነበረ። አንዱን አወጣ። የወፍ ድምፅ? ዩቱብ ምን ሊሠራ ነው!

የሶሲን ዓይን በነጠላ አሰረ። ማራገቢያውን ፊቷ ላይ ለቀቀው። ጠጠሩን ፎጣ ላይ ዘርግቶ በባዶ እግሯ አስኬዳት።

«እግርሽን አንሺ! ቋጥኝ ነው!»

«ዮፊ፣ አጋዘን አለ?»

«ዝም በይ፣ አጋዘኑ እያየሽ ነው።»

ሶሲ ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ የጥድ ፍሬውን አፍንጫዋ ሥር ያዘላት።

«ውይ! ሻይ ይሸታል! የማሚ ሻይ!»

«ተራራው እንደዚያ ነው።»

«ሁሉም? ቀረፋ ቀረፋ?»

«እስከ ጫፉ።»

እናታቸው በሳቃቸው ነቃች። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ያለ ወንድም ማን አለው?» ብላ ጉንጩን ሳመችው። መሳሟ እንደ መኪናው በር ብረት አቃጠለው።

ውሸት መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ናት። ሶሲ ደስ አላት፣ እናቷም ደስ አላት፣ ታዲያ ማን ተጎዳ? ቆዩ።

ሶሲ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ተራራ ትወጣ ጀመር። ጠጠሩን ትዘረጋለች፣ ዓይኗን ታስራለች፣ አጋዘኑን ታናግራለች። የጥድ ፍሬውን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ዮፍታሄ ልንገራት ይላል፤ ዛሬስ ይቅር፣ ነገ ይላል።

ደረቷ ሲጠነክር አንድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት መጣች። ጋሽ ውብሸት «ምስክርነት ያለው?» ሲል የመጀመሪያዋ እጅ የእሷ ነበረች። የጥድ ፍሬውን ይዛ ፊት ወጣች።

«ጌታ ይባረክ!»

«አሜን!» አሉ ልጆቹ።

«እኔ አመመኝ። ቤት ብቻ ነበርኩ። ግን ጌታ ተራራውን በወንድሜ ላከልኝ። አጋዘን አየኝ። ተራራው ቀረፋ ይሸታል፣ እንደ ሻይ። አሽቱት!»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ክፍሉ ፈነዳ።

«ቀረፋ? ኖ ዌይ!» አለ ኤልሮኢ። «እሱ እኮ የገና ጌጥ ነው! ዮፍታሄ ከወንበሩ መች ተነሳ? ጌም ስንጫወት ነበር!»

«ዝም!» አለ ጋሽ ውብሸት። ግን ወሬው ወጥቷል።

ሶሲ አላለቀሰችም። ወንድሟን ብቻ አየችው። «ዮፊ፣ ሄደሃል አይደል? አጋዘኑ አይቶኛል አይደል?»

ዮፍታሄ «አዎ» ማለት ይችል ነበር። አንደበቱ ላይ ደርሳ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፤ አላየሽም ማለቱ ነው። ሶሲ የጥድ ፍሬውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ያን ዕለት ዮፍታሄ ለእናቱ ሁሉንም ተናገረ። ተንበርክኮ ጌታን ይቅርታ ለመነ። ሶሲንም ይቅርታ ጠየቃት። «ኦኬ» አለችው። ኦኬ ብቻ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ውብሸትን ለምኖ ተራራው ላይ ወጣ። ታብሌት የለም፣ ጓደኛ የለም። እየዞረ ዛፍ አሸተተ። እዚያ አንድ ዓይነት ጥድ አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቅርፊቱ ኬክ ኬክ ይሸታል። እውነቴን ነው፣ ኬክ! ከሥሩ የወደቀውን ቅርፊት አንስቶ፣ ሽታው እንዳይጠፋ በከረጢት አስሮ እየሮጠ ቤት ገባ።

«ሶሲዬ፣ ይሄ እውነተኛው ነው።»

«ምን ይሸታል?»

«ኬክ።»

ሶሲ እጇን አልዘረጋችም። «ባለፈው ሻይ፤ ዛሬ ደግሞ ኬክ» አለች። ቅርፊቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። «ማሚ፣ አንቺ ንገሪኝ። ተራራ እንዲህ ነው የሚሸተው?»

የሻረግ አሸተተችው። ያንን ተራራ የምታውቀው ከሆቴሉ መስኮት ነው፤ መስታወቱን ስትወለውል። «እኔ እንጃ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ሄጄ አላውቅም።»

በዚያ ቤት ተራራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እሱን ደግሞ የሚያምን አልነበረም። ሶሲ ቅርፊቱን ሳታሸተው መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ፓርኪንጉን ማየት ጀመረች።

ልጆቼ፣ ጌታ ይቅር ለማለት አይዘገይም፤ የዋሻችሁት ሰው ግን መልሶ እስኪያምናችሁ ብዙ ትጠብቃላችሁና፣ በእናንተ ዓይን የሚያየውን ሰው ከቶ አትዋሹት።