ሌላው ይቅደም

በዳሞታ የጠፈር መርከብ ላይ ሰው የሚቀሰቀሰው በገጽ ነው፤ በአንድ ገጽ አሥር ሰው። ጠዋት ጠዋት ትርሲት ኤፒአዩን፣ ማለትም አንዱ ማሽን ለሌላው ጥያቄ የሚያቀብልበትን በር፣ ቀጣዩን ገጽ ትጠይቀዋለች። በሩ አሥር ስም ይሰጣታል፤ እሷም ከውጭ ሆና አልጋቸውን ከመኝታ አዳራሹ ታስወጣና ከበረዶ እንቅልፋቸው ታነቃቸዋለች።

የዚያን ቀን ግን ባዶ ገጽ መጣ።

ኮማንደር መርሻ ደስ አለው። ሁሉም ተነሥተዋል አለና የመኝታ አዳራሹ ማቀዝቀዣ ዛሬውኑ እንዲጠፋ አዘዘ፤ ኃይሉ ለተነሡት ሰዎች አዲስ ቤቶች ይፈለጋል። ገብቶ ማየት አይቻልም፤ የአዳራሹ ብርድ ሰው ይገድላል።

ትርሲት ደሟ ፈላ። እናቷ ወይዘሮ አጸደ ገና አልተነሡም፤ ሳይቀሰቀሱ ማቀዝቀዣው ከጠፋ ይሞታሉ። ደግሞም የትናንቱ ገጽ፣ መቶኛው፣ ጢም ብሎ የሞላ ነበር። ሰው እንዲህ ልክ በልክ ያልቃል? የበሩን ቅንብር ፈተሸች። የሠሩት ሰዎች ከመቶ ገጽ በላይ ማን ይጠይቃል ብለው እዚያው ላይ ዘግተውታል።

ቅደም ተከተሉን ስታይ ነገሩ ሁሉ ገባት። ሲሳፈሩ ሁሉም መቼ መቀስቀስ እንደሚፈልጉ ተጠይቀው ነበር። «እኔን አስቀድሙኝ» ያለ ፊት ሆነ። እናቷ ግን ማዕድ ላይ እንኳ ከሰው ቀድመው እጃቸውን ሰደው አያውቁም፤ የሰፈራቸው ሰዎችም እንደዚያው። «ሌላው ይቅደም» አሉ። ማሽን ይሉኝታ አያውቅም፤ ቃላቸውን እንዳለ ተቀብሎ ከገደቡ ማዶ አስቀራቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ የሚቀረው ነፍስ ነው።

ሄዳ ለኮማንደሩ አስረዳችው።

«ማሽኑ ባዶ ብሏል፤ ባዶ አዳራሽ አላቀዘቅዝም» አላት።

«ባዶው ገጹ ነው እንጂ አዳራሹ አይደለም። ማጥፊያውን የሚነኩት እኔን ገፍተው ነው።»

ማጥፊያው ፊት እንደቆመች መቆጣጠሪያዋን አወጣች። ገደቡን ለመንቀል ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። ኋለኞቹ ፊተኞች ሆኑ። አንደኛውን ገጽ ስትጠይቅ አሥር ስም መጣ፤ አራተኛው የእናቷ ነበር። ሁለተኛውም ሞልቶ መጣ፣ ሦስተኛውም። ኮማንደሩ ስሞቹን አየና ትእዛዙን ሰረዘ።

ወይዘሮ አጸደ ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጃቸውን እንኳ ሳይስሙ ወደ ጎረቤት አልጋ ጠቆሙ።

«መጀመሪያ እሷን ቀስቅሺያት» አሉ።

«ዛሬስ አልሰማዎትም እማዬ» አለች ትርሲት፤ እንባዋ ግን መጣ። ከእሳቸው በፊት ሺህ ሰው ቀስቅሳለች። ከመካከላቸው ግን «የቀረ ሰው አለ ወይ?» ብሎ የጠየቃት አንድም አልነበረም።