በኋላ ማርሽ የመጡ ሽማግሌዎች

በሕይወቴ ከላይ እስከ ታች አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ገጽ ስለ መኪና የሚያወራ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ ቦታው ቶሮንቶ፣ ዌስተን፣ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ነው።

ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እየጎተትኩ አነበብኩ። ድሮ ሠራተኞቹ መኪናውን እየዞሩ ይሠሩት ነበር፤ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ኋላ ፎርድ የሚባለው ፋብሪካ መኪናውን በሰንሰለት እያስጎተተ ወደ ሠራተኛው አመጣው። ሰውየው ባለበት ይቆማል፤ መኪናው ይመጣለታል፤ አንዲት ብሎን ያጠብቃል፤ መኪናው ያልፋል።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» አለ ከጎኔ የተቀመጠው።

ክፍሌ ይባላል። ከእኔ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሐበሻ እሱ ብቻ ነበር። መኪና ፋብሪካ የግራ በር ይገጥማል።

«የቀኙንስ ማን ይገጥማል?» አልኩት።

«ስሙን አላውቀውም። በመኪናው መስኮት እጅ እንነሳሳለን።»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ስለነበር አፌን በእጄ ሸፈንኩ። ባሌን ሱዳን ቀብሬ ልጄን ሔርሞንን ይዤ ከመጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ መጨነቅ ነበር፤ ለጃኬቷ፣ ለአውቶቡሱ መዘግየት፣ ማንበብ ለማልችለው የትምህርት ቤቷ ወረቀት።

ክፍሌ ቅዳሜ ቅዳሜ የአከራዩን አሮጌ ፎርድ ይጠግን ነበር። ጋራዡ ከእኛ ፎቅ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ነው። ሻይ በቴርሞስ ይዤ መውረድ ለመድኩ።

«ለማትነዳት መኪና ምን ያደክምሃል?»

«ሰንሰለቱ ከመጣ ወዲህ ‹ይቺን መኪና እኔ ሠራኋት› የሚል ሰው ጠፋ። በር ገጠምኩ፣ ጎማ አሰርኩ ነው የሚባለው። አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠርቼ ማየት አማረኝ፣ ተናኜ።»

ስሜን ሲጠራ የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሽማግሌ ላከ። እዚህ አገር ወላጅ ስለሌለኝ፣ እንደ ደንባችን፣ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልጃቸው ወደሚያዩኝ ወደ እትዬ ብርሃነሽ ላከ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ለሔርሞን ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ስል፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሰማችው።

«ማም፣ ሁሉም ሰው ያውቃል! እኔን ግን ማንም አስክ አላደረገኝም!»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የትልቅ ሰው ጉዳይ ነው።»

«ቤቱስ? የእኔና ያንቺ አይደለም?»

ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በሯን ዘጋች፤ እኔም ከበሩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ።

ለክፍሌ «ይቅር» አልኩት። «ልጄ ያልፈቀደችው ቤት፣ ቤት አይሆነኝም።»

መሬት መሬት አየ። «ዋናውን ሳልገጥም ነው ያሳለፍኩት» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ይሄዳል፤ ልቤ ግን አያነብም።

የግንቦት አንድ ቅዳሜ ሔርሞን ከመስኮቱ ጮኸች። «ማም፣ ነይ እዪ! መኪናው ዳገቱን የኋሊት እየወጣ ነው!»

ጥቁሯ ፎርድ ነበረች። እየተንተከተከች፣ ኋላዋን አስቀድማ ትወጣለች። ውስጧ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ተቀምጠዋል።

የምትታጭ ሴት ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ቤት ያለችው ሔርሞን ብቻ ሆነች።

«ማምን ልጥራት?» ስትል ሰማሁ።

«እሳቸውን አይደለም» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ተክሉ። «እሜቴ ሔርሞን፣ የመጣነው እርስዎ ዘንድ ነው። እናትዎን ለልጃችን ለክፍሌ ይሰጡን ዘንድ።»

እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ኦኬ... እሺ፣ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ከተቀመጥን ፈቅደዋል ማለት ነው።»

«እንግዲያው እንዳይቀመጡ!»

አቶ ተክሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጉልበቴን ግን ያስቡልኝ።»

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለምን በሪቨርስ መጣችሁ?»

«የመኪናዋን ነገር የነዳትን ክፍሌን ይጠይቁ። ታች ቆሟል፤ አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይገባም።»

ወረደች። በመጋረጃው ጥግ አየኋቸው። ክፍሌ የፊቱን ወንበር አንስቶ ከሥሩ ያለውን ሰልባትዮ፣ የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ፣ አሳያት። ያላትን ኋላ ነገረችኝ። መኪናዋ ቤንዚን የሚገፋ ፓምፕ የላትም፤ ቤንዚኑ በራሱ ቁልቁል ይፈሳል። አቀበት ላይ አፍንጫዋ ከፍ ሲል ሞተሩ ይጠማል። ስለዚህ የድሮ ሰዎች አዙረው በኋላ ማርሽ ይወጡ ነበር።

«ከዚያ» ብላኛለች ሔርሞን፣ «‹አንቺን ነበር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ፤ ስለዚህ ዞሬ መጣሁ› አለኝ።»

ሞተሩን በእጅ የምታስነሳውን ማኖቬላ ሰጣት። መልሳ ብትመታት ክንድ ትሰብራለች፤ እሱ ራሱ ነግሮኝ ነበር። መስኮቱን ከፈትኩ። ክፍሌ ግን አውራ ጣቷን ይዞ ከሌሎቹ ጣቶቿ ጎን አስተካከለላት፤ አንዴ፣ እንደገና። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆመ።

አንድ ጊዜ ሳበች። ፎርዷ አሳላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች። ልጄ በሁለት እግሯ ዘለለች። ቀና ስትል መስኮቱ ላይ አየችኝ።

«ማም! ሰዎቹን ቁጭ ይበሉ በያቸው!»

እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ወደ ሳሎን ወጣሁ፤ ደንቡን ረሳሁት። መንገር ግን አላስፈለገኝም። መስኮቱ ክፍት ነበርና አቶ ተክሉ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።