ውሻ የሚቀበል ቤት

ወይዘሪት ኬዛያ ከደረጃው ግርጌ ወድቀዋል። አንድ ሰው ፊታቸውን በነጭ አንሶላ ሸፍኖታል። ከአጠገባቸው ብስኩት፣ ያ ረጅም ቀጭን የእሽቅድምድም ውሻቸው፣ አፍንጫውን አንሶላው ጠርዝ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። ሊያነሱት ቢሞክሩ አልነሳም ብሏል።

ታምሲን ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ ውሻውን ታያለች፤ ወደ አክስቷ መመልከት አልቻለችም። ይህን ቤት የመረጠችው እሷ፣ የተከራየችው እሷ፣ ሁሉንም ሰብስባ ያመጣችው እሷ። ሰው ሐዘን ሲደርስበት ራሱን ለመውቀስ እንዴት እንደሚቸኩል ታውቁታላችሁ። የታምሲን ግን ከዚያም የባሰ ነበር።

ቤቱ ያለው በኮርንዎል የባሕር ጠረፍ፣ ከፖርትሄዳን መንደር ፊት ለፊት፣ አንዲት ጉብታ የምታህል ደሴት ላይ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ከመንደሩ የሚያገናኝ የድንጋይ መንገድ ብቅ ይላል፤ ሲሞላ ደግሞ መንገድ ነበረ ብሎ የሚምል አይገኝም። ኢንስፔክተር ቦሊቶ የደረሰችው ውሃው መንገዱን ሊውጥ ሲል ነበር። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል፤ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላለች።

«አምቡላንሱስ?» አለ ፒራን፣ የሟቿ የወንድም ልጅ። ለታምሲን የአጎቷ ልጅ ነው።

«ማዶ ቆሟል። ሹፌሩ ዋና አይችልም መሰለኝ» አለች ቦሊቶ፣ ጫማዋን ከበሩ ኋላ እያስቀመጠች።

«እና እኛ መቼ ነው የምንወጣው?»

«ባሕሩ ሲለቀን። እስከዚያ ሁላችንም እዚሁ ነን።»

መስኮቱ ሁሉ ውሃ ሆኗል። ትናንት ሲያዩት «እንዴት ያምራል» ያሉት ባሕር ዛሬ በአራቱም በኩል ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ መሰለ።

ቦሊቶ አንሶላውን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነች። ከሟቿ አንገት የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል። ከደረጃው ሥር ትንሽ የእንጨት በር አለች፤ ውሾች ፎቅ እንዳይወጡ የቤቱ ባለቤት ያሠራት። ገርበብ ብላ ክፍት ናት። ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወጥታ ላይ ቆየችና ወረደች።

«ወይዘሪት ኬዛያ ሲወድቁ ያየ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ ያየሁት» አለች ሮዛሊንድ፣ የፒራን ሚስት። ከጠዋት ጀምሮ ሻይ የምታፈላው፣ ብርድ ልብስ የምታመጣው፣ ሁሉን የምታባብለው እሷ ናት። «ያን ጊዜ ገና ከአልጋዬ ተነሥቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ልሄድ ስወጣ ነው። እትዬ ኬዛያ ደረጃው አናት ላይ ቆመዋል። ውሻው በኮሪደሩ ያቺን የላስቲክ ጥንቸል መጫወቻውን ይዞ ሲሮጥ መጣና እግራቸውን መታቸው። እሳቸው ወደቁ፣ እሱም ጥንቸሏን ጥሎ እየዘለለ ወረደ። ይኸው እስካሁን እዚያው ላይ ናት።»

«አይቻታለሁ። ይህች በርስ?»

«ክፍት ነው ያደረችው መሰለኝ። ማን እንደረሳት እንጃ።» ሮዛሊንድ ይህን ስትል ታምሲንን አየት አደረገቻት፤ ወዲያው ደግሞ እንዳላየ ሰው ዓይኗን መለሰች።

ማለዳ፣ ሁሉም ሲጯጯህ፣ ሮዛሊንድ ታምሲንን እቅፍ አድርጋ በጆሮዋ «ታምዬ፣ ማታ መጨረሻ ወደ ፎቅ የወጣሽው አንቺ ነሽ። አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ታምሲን በሩን መዝጋቷን ለማስታወስ ራሷን ስታስጨንቅ ቆይታለች። አልመጣላት አለ።

ፒራን ውሻውን በጫማው ጫፍ እያመለከተ «ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጄ መግደያ መርፌ አስወጋዋለሁ» አለ። «አክስቴን የገደለ ውሻ አንድ ቀን አብሮኝ አያድርም።»

«አትነካውም» አለች ታምሲን ብድግ ብላ። «እሱ ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሩን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ቦሊቶ ትክ ብላ አየቻት። «ረሳሁ ነው የምትይኝ ወይስ ረስቼ ይሆናል?»

«ረስቼ... ይሆናል።»

«ማን ነገረሽ?»

ሮዛሊንድ ለሁሉም ሻይ መቅዳት ጀመረች።

ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ቦሊቶ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እስቲ ንገሪኝ። ኮርንዎል ውስጥ ስንት የባሕር ዳርቻ ቤት ሞልቶ፣ ይህን እስር ቤት ምን ብለሽ መረጥሽው?»

«ውሻ የሚቀበል ቤት ስንት ይመስልዎታል? ብርዱን ወራት ሙሉ ፈልጌያለሁ። ውሻ እንቀበላለን ይላሉ፣ ስደውል ትንሽ ውሻ ብቻ ነው ይሉኛል። አንዷ ደግሞ፣ ይግባ ግን ምንጣፍ እንዳይረግጥ አለችኝ። ይብረር እንዴ? አልኳት።»

ቦሊቶ ፈገግ አለች። «ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ የሚያምር ቤት አገኘሁ፣ መንደሩ ውስጥ፣ መስኮቱ ባሕር የሚያይ። አክስቴ እንቢ አሉ። መኝታ ክፍሎቹ ሁሉ ፎቅ ላይ ናቸው። ሌላም እንደዚሁ፣ ሌላም እንደዚሁ። የእኔ መኝታ ምድር ቤት ይሁን፤ ያለዚያ አልመጣም አሉኝ። ምድር ቤት መኝታ ያለው፣ ትልቅ ውሻም የሚቀበል፣ ይኸው ብቻ ተገኘ።»

«ለምን ምድር ቤት?»

«ለጉልበታቸው ነዋ።»

«ጉልበቴን ያመኛል ብለውሽ ያውቃሉ?»

ታምሲን አሰበች። «አላሉኝም። ዕድሜያቸውን አይቼ ነው እንጂ። ትናንት እንኳ የገደሉን ዳገት ሲወጡ ፒራን ከኋላ ቀርቶ ያለከልክ ነበር።»

«ዳገት ወጡ» አለች ቦሊቶ ቀስ ብላ። «ውሻውን ከመቼ ጀምሮ ታውቂዋለሽ?»

«ከትናንት። ሁላችንም ያየነው ትናንት መኪናው ውስጥ ነው። ከሩጫ ጡረታ የወጣ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ውሻ ማጎሪያ ነው የኖረው። አክስቴ ከመጠለያ አመጡት። እራት ላይ ደግሞ ቤታቸውን ራሱን ለእንደ እሱ ዓይነቶቹ ውሾች መጠለያ ሊያደርጉት እንደሆነ ነገሩን።»

«ማን ተከፋ?»

«ፒራን ሳቀ። ሮዛሊንድ እንዴት ደስ ይላል አለች። ግን እነሱ እዚያ ቤት ሊገቡ ነበር። ኪራይ ቤታቸውን ለቅቀው ዕቃቸውን እንኳ በካርቶን አሽገዋል» አለች።

የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ዴንዚል ጓሮ ካለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ከሟቿ ጋር ትናንት ተጨቃጭቀው ስለነበር ቦሊቶ ስትመጣባቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ገደልካት ልትይኝ ነው?»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ውሻው አልጋ ላይ ወጣ። እርጥብ እግሩን ይዞ። ውሻ አልጠላም፣ ልጄ፣ የምጠላው አሸዋ ነው። ለውሻው ፎጣ ሰጥቻለሁ፣ ምግብ ሰጥቻለሁ፣ አልጋ ግን አልሰጠሁም። እሷም አንተን ከማስተኛ እሱን ባስተኛ ይሻለኛል አለችኝ።» ሽማግሌው ሊስቁ ጀመሩና እንባቸው ቀደማቸው። «ምላሷ ደስ ይል ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ሻይ ጥጄ ነበር። ውሻው ያለቅሳል። ከዚያ አንድ ነገር ዷ አለ። ከዚያ የሮዛሊንድ ጩኸት።»

ቦሊቶ አንገቷን ቀና አደረገች። «ይድገሙልኝ። ያለቀሰው ከወደቁ በኋላ ነው?»

«አይ፣ በፊት። ጆሮዬ ደኅና ነው። ከታች፣ ከሳሎኑ በኩል። እናቱ ጥላው የሄደች ሕፃን ነበር የሚመስለው።»

«አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ ከላይኛው ኮሪደር መስኮት ምን ይታያል?»

«ጠዋት ጠዋት ዶልፊን። ማታ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።»

ቦሊቶ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። በመስኮቱ አሁንም የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። ፒራን ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሮዛሊንድ ታምሲን ጎን ተቀምጣ እጇን ይዛታለች፤ ዴንዚል በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወጥ ቤት ውስጥ ቋሊማ አለ?» አለች ቦሊቶ።

«በዚህ ሰዓት ምግብ ታሰኘሽ?» አለ ፒራን።

«ለእኔ አይደለም። ታምሲን፣ ይዘሽው ወደ ላይ ውጪና ጥሪው።»

ታምሲን ቋሊማውን ይዛ ወጣች። ከላይ ሆና «ብስኩት፣ ና፣ የኔ ጌታ» አለች። ውሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንሶላው ሥር ተነሣ። ቋሊማው ሸቶታል። ክፍት በሆነችው በር አልፎ ደረጃው ሥር ደረሰና አንድ እግሩን አነሣ። የመጀመሪያውን እርከን ነካ አደረገና ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ሰበሰበው። እንደገና ሞከረ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ያለቅስ ጀመር።

«ይኸው ነው» አሉ ዴንዚል። «ጠዋት የሰማሁት ይኸው ነው።»

«ደንግጦ ነዋ» አለች ሮዛሊንድ። «ያን ሁሉ ካየ በኋላ እንዴት ይውጣ?»

«እኔም እንደዚያ ልል ነበር» አለች ቦሊቶ። «ግን ወይዘሪት ኬዛያ ይህን ቤት የመረጡት ዛሬ አይደለም። ዳገት የሚወጡ ሴት፣ ብርዱን ወራት ሙሉ መኝታው ፎቅ ላይ የሆነውን ቤት ሁሉ እየመለሱ፣ መኝታዬ ምድር ቤት ይሁን ያሉት ለማን ነው? ለጉልበታቸው አይደለም። ማጎሪያ ውስጥ ያደገ ውሻ ደረጃ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሌሊት ደግሞ ያለ እሳቸው አያድርም። የመረጡት ለእሱ ነው።»

ታምሲን ደረጃው አናት ላይ ቁጭ አለች።

«ጠዋት ሰው ከላይ ሆኖ ጠራቸው። መነጽራቸውን አንጠልጥለው፣ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወጡ። ውሻው መከተል ስላልቻለ ከታች ሆኖ አለቀሰ። እያለቀሰ ሳለ እሳቸው ወደቁ። እንግዲህ በኮሪደሩ ሲሮጥ የታየው ውሻ የትኛው ነው? ጥንቸሏንስ ማን አወጣት? በእግሯ አልወጣች።»

ሮዛሊንድ የታምሲንን ባዶ ቦታ ትራስ እያስተካከለች ነበር።

«ሮዛሊንድ» አለ ፒራን። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ያን ጊዜ ገና ከአልጋዬ ተነሥቼ ነበር አልሽ። ጩኸትሽ ሲቀሰቅሰኝ ቦታሽን ዳሰስኩት እኮ። ቀዝቅዞ ነበር።»

ሮዛሊንድ ተነሣች። ኮቷን ከመስቀያው አነሣች፣ ለበሰች፣ የውጭውን በር ከፈተች። ውሃው ከደፉ በታች ካለው ድንጋይ ጋር ይላተማል። መንገድ የለም። እዚያው ቆማ ለብዙ ጊዜ አየችው፤ ማንም ሊይዛት አልሄደም። ከዚያ በሩን ዘግታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዶልፊን መጥቷል ብዬ ጠራኋቸው» አለች። «ሮጠው ወጡ፣ እንደ ልጅ። እኔ መግቢያ የለኝም፣ ሻንጣዬ ታስሯል፤ እሳቸው ቤቱን ለውሻ ይሰጣሉ። ለውሻ።»

«እኔንስ?» አለች ታምሲን ከላይ። «እኔ ምን አድርጌሽ ነው በሩን ረሳሽ ብለሽ ያቀፍሽኝ?»

«አንቺማ ያሉሽን ታምኛለሽ» አለች ሮዛሊንድ። «ሁልጊዜ ጥፋቱ የኔ ነው ስትይ ነው የማውቅሽ።»

ታምሲን ያን ጊዜ አለቀሰች። ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ጸጸት ለቀቃት፤ በምትኩ ንጹሕ ሐዘን ገባ። ወርዳ ውሻውን አንገቱን አቀፈችው፤ እሱም ቋሊማውን ከእጇ ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሸ። የድንጋዩ መንገድ እርጥብ ጀርባውን አወጣ። መጀመሪያ ወይዘሪት ኬዛያ በቃሬዛ ሄዱ፣ ቀጥሎ ሮዛሊንድ ከቦሊቶ ጋር። ፒራን በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ውሻውን አየና ታምሲንን «ውሰጂው» ብሏት ወጣ።

ዴንዚል ትንሿን የእንጨት በር ከማጠፊያዋ እየነቀሉ «ልጄ፣ ቤትሽ ውሻ ይቀበላል?» አሏት።

«አይቀበልም። ደግሞም ፎቅ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?»

ታምሲን የብስኩትን ማሰሪያ እጇ ላይ ጠቀለለች። «ሌላ እፈልጋለሁ፤ ልምዱ አለኝ» አለች። «ምድር ቤት ይሁን እላቸዋለሁ። ለምን ሲሉኝ ለጉልበቴ ነው እላለሁ።»